ፊልምሽን መጀመሪያ የት ታሳያለሽ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን ከጨረስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ርዝመቱ 18 ደቂቃ ነው። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ለ24 ዓለም አቀፍ ፌስቲቫሎች ላክሁት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከስድስቱ ‹አሸንፈሻል› የሚል ኢሜይል መጣልኝ፤ ስማቸውን ከታች ዘርዝሬልዎታለሁ። አንዱ ‹የወሩ ምርጥ ዳይሬክተር› ብሎኛል። ዋንጫው እንዲላክልኝ ግን ክፈዪ አለኝ። ትልልቆቹ እስካሁን ዝም ብለዋል። ጓደኛዬ ‹ዩቲዩብ ላይ ጫኚው፣ ዕይታ ሲሰበስብ ፌስቲቫሎቹ ራሳቸው ይፈልጉሻል› ትለኛለች። ሌላው ደግሞ ‹ሽልማት በትውውቅ ነው፣ አትድከሚ› ይለኛል። ዋንጫውን ልግዛ? ዩቲዩብ ላይስ ልጫነው? ለካን እና ለኦስካር የሚያበቃኝ የትኛው ሽልማት ነው?»

ምላሽ፦ ዋንጫውን አትግዢ። ዩቲዩብ ላይም ገና አትጫኚው። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለብሽ፤ አለዚያ ነገ ሌላ ኢሜይል ሲመጣ ልብሽ እንደገና ለሁለት ይከፈላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከስድስቱ ኢሜይሎች እንጀምር። የፊልም ፌስቲቫል አዳራሽ አለው። ቀን አለው። መጥቶ የሚቀመጥ ተመልካች አለው። ፊልሞቹን የመረጡት ሰዎችና ዳኞቹ ስማቸው ይታወቃል። ቬኒስ በ1932፣ ካን በ1946፣ በርሊን በ1951 ተጀመሩ። ዛሬም በዓመት አንዴ ነው የሚካሄዱት። ቬኒስ የወርቅ አንበሳ፣ በርሊን የወርቅ ድብ፣ ካን የወርቅ ዘንባባ ይሰጣሉ፤ ዋናው ሽልማት በየዓመቱ አንድ ነው። አንቺ የዘረዘርሽልኝን ስድስቱን አንድ በአንድ ገብቼ አየኋቸው። ሁሉም በየወሩ አሸናፊ ያውጃሉ። የሽልማት ዘርፋቸው ብዛቱ ለጉድ ነው። የሲኒማ ቤት ስም የለም፣ የማሳያ ቀን የለም፣ የዳኛ ስም የለም። የላከ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ያሸንፋል።

አንድ ነገር አሁኑኑ ማየት ትችያለሽ። ፊልሙን የላክሽው በቪሜዎ (ቪዲዮ በሚጫንበት ድረ ገጽ) ሊንክ ከሆነ ገብተሽ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ እስከ ስንተኛው ደቂቃ እንደታየ ተመልከቺ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ሙሉውን እውነት አይናገርም፤ ፋይሉን አውርዶ የሚያይ መራጭ አለ። ግን ስድስት ቦታ «አሸንፎ» ሊንኩ አንድም ጊዜ እስከ መጨረሻው ካልታየ፣ ፊልምሽን ያየው ሰው የለም ማለት ሳይሆን አይቀርም። ይህን የምልሽ ላሳዝንሽ አይደለም። ፊልሙ ጥሩ ይሁን መጥፎ እነዚያ ኢሜይሎች ሊነግሩሽ አይችሉም ለማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። ማስገቢያ ክፍያ መጠየቅ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። በርሊንም የአሜሪካው ሰንዳንስም ያስከፍላሉ። ፊልም የሚያይ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። ነውሩ ክፍያው ካሸነፍሽ በኋላ ሲመጣ ነው። ተወዳድረሽ ያሸነፍሽውን ዋንጫ መልሶ የሚሸጥልሽ ጨዋ ፌስቲቫል የለም። ለተዋናዮችሽ ተጨማሪ ቅጂ ብታዢ የሚያስከፍሉ ሊኖሩ ይችላሉ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ግን የራስሽ ነው። ትንሽ ፌስቲቫልም ሁሉ የውሸት እንዳይመስልሽ። ስልሳ ወንበር ያለው አዳራሽ ውስጥ ስልሳ ሰው ፊልምሽን አይቶ ጥያቄ ከጠየቀሽ፣ ያ እውነተኛ ፌስቲቫል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእጅሽ ያለው ትልቁ ሀብት ፕሪሚየር ነው፤ እኛ ምርቃት የምንለው። ፊልም ለሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው አንዴ ብቻ ነው። ያቺን አንዴ የት እንደምታውያት አስበሽ መወሰን አለብሽ። በአንድ ሌሊት ለ24 ቦታ ስትልኪ ውሳኔውን ለሌላ ሰው ሰጠሽ። ቀድሞ የመለሰልሽ ያሳየዋል፣ በኋላ የመለሰልሽ ደግሞ «ታይቷል» ብሎ ይተወዋል።

ፕሪሚየር ደረጃ ደረጃ አለው። የዓለም ፕሪሚየር ማለት ፊልሙ የትም ታይቶ አያውቅም ማለት ነው። ዓለም አቀፍ ፕሪሚየር ማለት በተሠራበት አገር ታይቶ ይሆናል፣ ከዚያ ውጭ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ የአህጉር አለ፣ የአገር አለ። ቬኒስ የዓለም ፕሪሚየር ይፈልጋል፤ ለአጭር ፊልምም ቢሆን። በርሊን ቢያንስ ዓለም አቀፍ ፕሪሚየር ይጠብቃል። ሰንዳንስ ግን ለአጭር ፊልም ፕሪሚየር አይጠይቅም። በአጭር ፊልም ትልቁ የሚባለው የፈረንሳዩ ክሌርሞን ፌራንም አይጠይቅም። ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል ነው። የሚጠይቁት ይቀድማሉ፣ የማይጠይቁት ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥሽው መመለሻ የለውም።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ዋና ውድድር ገባ። ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ይዞ ወጣ። በ2009 ደግሞ ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ሄዶ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። መንገዱን ልብ በይ። መጀመሪያ የዓለም ፕሪሚየር የሚጠይቀው፣ ቀጥሎ የአፍሪካን ፊልም ከሁሉም አብልጦ የሚያከብረው። ፌስፓኮ በነገራችን ላይ በየሁለት ዓመቱ ነው የሚካሄደው፤ ቀኑን ሳታዪ ብትጠብቂው ፊልምሽ ሊያረጅ ይችላል።

ስለ ዩቲዩብ ጓደኛሽ የምትለው ለሌላ ዓይነት ሥራ ልክ ነው። ለሙዚቃ ቪዲዮ፣ ለተከታታይ ኮሜዲ ዕይታ ይሠራል። ፌስቲቫል ላይ ግን ፊልም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ኢንተርኔት ላይ አንድ ቀን ከዋለ ብዙዎቹ እንደታየ ይቆጥሩታል። ብታወርጂውም «ታይቶ ነበር» ነው። ሊንኩ በፓስወርድ የተዘጋ ከሆነ ግን ችግር የለም፤ ያ ለሕዝብ መታየት አይባልም። ትሬይለር መልቀቅም ችግር የለውም። ስድስቱ «ፌስቲቫሎች» ፊልሙን ድረ ገጻቸው ላይ እንዳላወጡት ግን ዛሬ ማታ አረጋግጪ። ብዙዎቹ ከፖስተሩ ሌላ ምንም አያወጡም። አውጥተውት ከሆነ አሁኑኑ እንዲያወርዱት ጻፊ፤ ትልልቆቹ ሲጠይቁሽም እውነቱን ተናገሪ። ፕሪሚየርን ዋሽቶ ያለፈ ፊልም ፕሮግራም ከታተመ በኋላ ሲሰረዝ አይቻለሁ። ለዳይሬክተሩ እንደዚያ የሚያም ነገር የለም።

«ሽልማት በትውውቅ ነው» ያለሽ ሰው ሁለት ነገር አምታቷል። መምረጥና መሸለም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚሠሩትም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የካን ዋና ውድድር ዳኞች አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ናቸው፤ የሚያዩት ሃያ ገደማ ፊልም ነው። ያንቺን ፊልም በሺህ ከሚቆጠሩት መካከል የሚያወጣው ወይም የሚጥለው ዳኛ አይደለም። መራጭ ነው። ትልቁ ወንፊት ያ ነው። ሰንዳንስ ለ2024 ከ12 ሺህ በላይ አጭር ፊልም ደርሶት የመረጠው 53 ነው። ስለዚህ «ተመርጫለሁ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «ተሸልሜያለሁ» ከሚለው አያንስም።

ትውውቅ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ረጅም ፊልም ላይ መራጮች በፕሮዲዩሰርና በሽያጭ ወኪል በኩል ቀድመው የሚከታተሏቸው ሥራዎች አሉ። ቀድሞ የመረጡትን ዳይሬክተር ቀጣይ ፊልምም በጉጉት ይጠብቃሉ። በአጭር ፊልም ግን ነገሩ ይለያል። መራጩ ማንም የማያውቀውን ሰው ማግኘት ይፈልጋል። እሱም የሚኮራበት ነገር ያ ነው። ለዓመታት ለፌስቲቫሎች አጭር ፊልም ስመርጥ ከሁሉም የምወዳት ደቂቃ ያቺ ነበረች፦ ሰምቼው የማላውቅ ስም፣ ከዚያ አንድ ፍሬም፣ ከዚያ ከወንበሬ ቀና ማለት።

ያ እንዲሆን ግን ፊልሙ መታየት አለበት። አንድ ሌሊት 14 አጭር ፊልም ለማየት ተቀምጬ ነበር። ሦስተኛው ላይ ፓስወርዱ አልሠራም። ስድስተኛው ላይ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሎጎ ብቻ ነው ያየሁት። ዘጠነኛው በጣም ጥሩ ፊልም ነበር። አንዲት እናት ነጭ ሸሚዝ እያጠበች ታወራለች፤ ሰብታይትሉም ነጭ ነው። ወሬዋ ሸሚዙ ላይ ጠፋ። መልሼ፣ አቁሜ፣ አንገቴን ዘንበል አድርጌ ለማንበብ ሞከርኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አመለጠኝ፤ የፊልሙ ቁልፍ እነሱ ውስጥ ነበር። አብሮኝ የሚመርጠው ሰው ቋንቋውን ስለማያውቅ ጨርሶ አልገባውም። ፊልሙ ወደቀ። እስካሁን ይቆጨኛል። ሰብታይትልሽ ቀጭን ጥቁር ጠርዝ ይኑረው። ትርጉሙን ቋንቋው አፉን የፈታበት ሰው ያንብበው። ሎጎውንና የስም ዝርዝሩን ከፊት አንሺና መጨረሻ ላይ አድርጊው።

የዳኞች ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ ሰው ከውጭ ሆኖ እንደ ፈተና እርማት ያስበዋል። እንደዚያ አይደለም። አንድ ጊዜ አምስት ሆነን ስንዳኝ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተቀመጥን። ሁለት ፊልሞች ሁለት ሁለት ድምፅ ይዘው ተፋጠጡ። አምስተኛዋ ዳኛ ኤዲተር ነበረች። እሷ የያዘችው ሌላ ሦስተኛ ፊልም ነው። ማንም ትኩረት አልሰጠውም ነበር። ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች የአንዱን ትዕይንት ቁርጥ አንድ በአንድ ቆጠረችልን፤ የት እንደዘገየ፣ ለምን እንደዘገየ። ክፍሉ ዝም አለ። መጨረሻ ላይ ዋናውን ሽልማት ከሁለቱ አንዱ ወሰደ፤ የእሷ ፊልም ልዩ የዳኞች ሽልማት አገኘ፤ ሌላኛው ሁለት ድምፅ የነበረው ባዶ እጁን ወጣ። ሌላ አምስት ሰው ቢቀመጥ ሌላ ውጤት ይወጣ ነበር።

ደንቡም ውጤቱን ይቀርጸዋል። በ1991 ካን ላይ አንድ ፊልም የወርቅ ዘንባባውን፣ የምርጥ ዳይሬክተርንና የምርጥ ተዋናይን ሽልማት ጠራርጎ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ጠበቀ፤ ዛሬ ዘንባባውን የወሰደ ፊልም ሌላ ሽልማት አይደርብም። ስለዚህ የተዋናይ ወይም የድርሰት ሽልማት ያገኘ ፊልም ስታዪ፣ ዳኞቹ በጣም ወደውት ዋናውን ግን ለሌላ ሰጥተው ሊሆን ይችላል። በርሊን ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የትወና ሽልማትን ወንድና ሴት ብሎ አይለይም፤ ለመሪ ትወናና ለደጋፊ ትወና ይሰጣል። የተመልካች ሽልማት የሚባለውም ሌላ ዓለም ነው። ቶሮንቶ ላይ ከሁሉም በላይ የሚፈለገው እሱ ነው፤ የሚሰጠው ሕዝቡ በድምፁ ነው። በ2014 «ድፍረት» የተባለው የኢትዮጵያ ፊልም በሰንዳንስ የዓለም ድራማ ዘርፍ የተመልካች ሽልማት ወሰደ። በማግሥቱ ወር በርሊን ሄዶ በፓኖራማ ዘርፍ እንደገና የተመልካች ሽልማት አገኘ። ዳኛና ሕዝብ አንድ ዓይነት ዓይን የላቸውም፤ ያንቺ ፊልም የትኛውን እንደሚይዝ አስቀድመሽ ማወቅ አትችዪም።

ወደ ካን። እውነቱን ልንገርሽ፤ ፊልምሽ አሁን ባለበት ርዝመት ለካን የአጭር ፊልም ውድድር አይበቃም። ገደቡ 15 ደቂቃ ነው፣ የስም ዝርዝሩን ጨምሮ። ያንቺ 18 ነው። ሦስት ደቂቃ ለመቁረጥ አትቸኩዪ። ፊልሙ በመቆረጡ የሚሻለው ከሆነ ቁረጪው፤ ለደንብ ብለሽ ግን አካሉን አታጉድዪበት። እዚያው ካን ከተማ በዚያው ሳምንት ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ዘርፎች አሉ፦ ከ1962 ጀምሮ ያለው የተቺዎች ሳምንትና ከ1969 ጀምሮ ያለው የዳይሬክተሮች ሁለት ሳምንት። ከ15 ደቂቃ የሚረዝም አጭር ፊልምም ይቀበላሉ። በርሊን ለአጭር ፊልም እስከ 30 ደቂቃ፣ ቬኒስ እስከ 20 ደቂቃ ይቀበላል። ሁለቱም ለአንቺ ክፍት ናቸው። ሌላም አለ። ለአንዱ የሚያበቃ የሌላው ሽልማት የሚባል ነገር የለም። ካን የሚመርጠው ፊልሙን አይቶ ነው፤ ከዚያ በፊት ያገኘሽውን ሽልማት ቆጥሮ አይደለም።

ኦስካር ግን በሽልማት የሚገባበት በር አለው። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በየዓመቱ የፌስቲቫሎችን ዝርዝር ያወጣል። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የተጠቀሰውን ሽልማት፣ ሌላውን ሳይሆን ያንኑ፣ ያሸነፈ አጭር ፊልም ለመታየት ብቁ ይሆናል። ርዝመቱ ከ40 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ብቁ መሆን ማለት መታጨት አይደለም፤ ወረፋው ውስጥ መግባት ነው። ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት ለሕዝብ የተለቀቀ ፊልም ከውድድር ሊወጣ ይችላል። ዩቲዩብን ቆዪ የምልሽ ለዚህም ጭምር ነው። «የኦስካር ብቁ ነን» የሚል ፌስቲቫል ካገኘሽ ቃሉን አትመኚ፤ የአካዳሚውን የዚያን ዓመት ዝርዝር ራስሽ አውጥተሽ ስሙን ፈልጊ።

ሽልማት ገንዘብ ነው ብለሽም እንዳታስቢ። የካን የወርቅ ዘንባባ ጥሬ ገንዘብ የለውም። የስዊዘርላንዱ የሎካርኖ ፌስቲቫል የወርቅ ነብር 75 ሺህ የስዊዝ ፍራንክ አለው፤ ግን ያ ለረጅም ፊልም ነው፣ ዳይሬክተርና ፕሮዲዩሰር ይካፈሉታል። ለአጭር ፊልም ሠሪ እውነተኛው ጥቅም ሌላ ነው። የቀጣዩን ድርሰትሽን የሚያነብልሽ ሰው ታገኛለሽ። ሌሎች ፌስቲቫሎች ራሳቸው ፊልሙን ይጠይቁሻል፤ አንዳንዶቹ ለማሳየት ይከፍሉሻል። አዳራሹ በር ላይ የምታገኚው ፕሮዲዩሰር ከዋንጫው ይበልጣል። ለዚህ ነው ሰው የሌለበት ሽልማት ምንም የማያመጣልሽ።

እንግዲህ የኔ ምክር ይኸው ነው። ከስድስቱ ራስሽን ዛሬ አስወጪ። ማስገቢያውን አይመልሱልሽም፤ ተይው። ከቀሩት 18 ውስጥ አዳራሽና የዳኛ ስም የሌላቸውን በተመሳሳይ አስወጪ። ሎረሎቹን፣ እነዚያን የቅጠል አክሊል የሚመስሉ የሽልማት ምልክቶች፣ ከፖስተሩ ላይ አንሺያቸው። መራጭ ስማቸውን ያውቃል፤ ስድስት የማይታመን ምልክት ሲያይ ዳይሬክተሯ ጥሩውን ከመጥፎው አትለይም ብሎ ያስባል።

ከዚያ አንድ ብቻ ምረጪ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ፊልሙን ለበርሊን አጭር ፊልም ዘርፍ አስቀድመው ነበር። 18 ደቂቃ ይመቸዋል፤ እዚያው ብቅ ብቅ ለሚሉ የፊልም ባለሙያዎች የተዘጋጀ የታለንት ፕሮግራምም አለ፤ ለእሱ ግን ለብቻው ማመልከት አለብሽ። የበርሊን መልስ እስኪመጣ ሰንዳንስንና ክሌርሞን ፌራንን አብረሽ መሞከር ትችያለሽ። ሰንዳንስ ጥር ላይ፣ በርሊን የካቲት ላይ ስለሆነ ግን ሁለቱም ከተቀበሉሽ ከመፈረምሽ በፊት ለሁለቱም ጻፊላቸው፤ ግልጽ ጥያቄ አያስቀይማቸውም። ሁሉም እምቢ ካሉ ቀጣዩ ዙር ቬኒስና ሎካርኖ ነው። ከእነሱ በኋላ ፕሪሚየር የማይጠይቁት፣ የአህጉሩና የአገር ቤቱ ይከተላሉ። የእያንዳንዱን ደንብ እስከ መጨረሻው አንብቢ። ርዝመት፣ የተጠናቀቀበት ቀን፣ የፕሪሚየር ደረጃ፤ እነዚህን ሦስቱን ከጎን ጽፈሽ ያዢ። ብዙ ፌስቲቫሎች ከተጠናቀቀ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በላይ የሆነውን አይቀበሉም። ያንቺ ሰዓት ከሁለት ወር በፊት መቁጠር ጀምሯል።

እምቢታ ይመጣል፣ ብዙ ይመጣል። አብዛኛው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ምክንያት አይሰጥም። መልሰሽ ለምን ብለሽ አትጻፊ። ፊልሙንም በእያንዳንዱ እምቢታ እንደገና አትቁረጪው። አምስት ስድስት ሰው ያለ መጠያየቅ አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ጋ ዘገየ» ካሉሽ ብቻ ኤዲቱን ክፈቺ።

ሁለት ዓመቱ ሲሞላ የፌስቲቫል ዕድሜው ያበቃል። ያኔ ሊንኩን ክፈቺውና ዩቲዩብ ላይ ጫኚው። ለጓደኛሽም ያኔ ደውይላት፤ ዕይታ መሰብሰቡን እሷ ታስተምርሻለች።